ስለ በይነመረብ ትምህርት የሚያስተምረውን ኮርስ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ እንዴት እንደሚሰጡ

የሴሚስተሩ የኮርስ ምደባ በተለጠፈ ማግስት ስልኬ ይጮኻል። ደዋዮቹ ባልደረቦቼ ናቸው፤ አንዳንዱ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው፣ አንዳንዱ ከፍቼ ከተማ ነው፣ አንዳንዱም ቀድሞ አብሮኝ ሠርቶ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ። ጥያቄው ግን አይለወጥም፦ «ስለ በይነመረብ ትምህርት የሚሰጠው ኮርስ ደርሶኛል። መብራቱም ኔትወርኩም እንደምታውቀው ነው። ከየት ልጀምር?» ለእያንዳንዱ በስልክ ስመልስ ግማሹን እረሳለሁ። ስለዚህ የምሠራበትን መንገድ ከነምክንያቱ ጽፌዋለሁ።

ኮርሱ ተማሪዎች በበይነመረብ የሚሰጥ ትምህርት እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚማሩበት ነው። መመሪያው የተዘጋጀው በ16 ሳምንት ለሚሰጥ፣ 5 ኢሲቲኤስ ማለትም 135 የተማሪ የሥራ ሰዓት ላለው ኮርስ ነው። እርስዎ የሚያስተምሩት በክረምት መርሐ ግብር ከሆነ ሳምንታቱን ያጣጥፉ እንጂ ቅደም ተከተሉን አይቀይሩ።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይያዙልኝ። የዚህ ኮርስ ልክ የሚለካው በክፍሉ ውስጥ ባለው በጣም ደካማ ስልክ ነው። እርስዎ በቢሮዎ ኮምፒውተር ላይ ያማረ ነገር አዘጋጅተው ከጣርማ በር ቁልቁል ገደል ሥር የሚኖር ተማሪ ካልከፈተው፣ ትምህርቱ አልተሰጠም። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ የሚነሡ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የመማሪያ ሥርዓት፣ ማለትም ትምህርቱ የሚለጠፍበትና ሥራ የሚረከብበት ድረ ገጽ። ዩኒቨርሲቲዎ ሙድል ካለው እሱን ይጠቀሙ። ነፃ ነው፤ የስልክ መተግበሪያውም ትምህርቱን በዋይፋይ አውርዶ ያለ ኔትወርክ ለማንበብ ያስችላል። ከሌለ ጉግል ክላስሩም ይበቃል።
- አንድ የቴሌግራም ቻናል ለማስታወቂያና ለፋይል፣ አንድ ቡድን ደግሞ ለጥያቄ። ሁለቱን አይቀላቅሉ፤ ፋይሉ በሰላምታና በምስጋና ተውጦ ይጠፋል።
- ርካሽና ያረጀ ስማርት ስልክ። የራስዎን አዲስ ስልክ አይደለም የምልዎት። የሚያዘጋጁት ሁሉ መጀመሪያ በዚህ ይፈተሻል።
- ማይክሮፎን ያለው ተራ የጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፅ ለመቅዳት።
- አምስት ወይም ስድስት ባለ 16 ጊጋባይት ፍላሽ፣ እንዲሁም ፍላሹን ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ማገናኛ።
- በሳምንት ሁለት ሰዓት የኮምፒውተር ክፍል። ሌላ ትምህርት ክፍል ሳይቀድምዎት በጽሑፍ ያስይዙ።
- ፓወር ባንክ።
- በዩኒኮድ (ፊደሉ በሌላ ስልክም ሳይለወጥ በሚነበብበት ኮድ) የሚጽፍ የአማርኛ ኪቦርድ፣ በኮምፒውተርም በስልክም።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። ወረቀቱ ለምን እንዳስፈለገ በደረጃ 1 ያዩታል።

ደረጃ 1፦ የተማሪዎቹን ሁኔታ በወረቀት ይመዝግቡ

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስምንት ጥያቄ ያለበት አንድ ገጽ ያድሉ። ስልኩ የራስ ነው ወይስ ከቤተሰብ ጋር የጋራ? ስልኩ ላይ ምን ያህል ባዶ ቦታ አለ? በሚኖሩበት ቦታ ኔትወርክ የሚሻለው በስንት ሰዓት ነው? መብራት ሲጠፋ ስልክ የት ይሞላል? ኮምፒውተር ላይ ሠርተው ያውቃሉ? በሳምንት ለዳታ ምን ያህል ብር ማውጣት ይቻላል? ለማየት ወይም ለመስማት የሚያስቸግር ነገር አለ? በየትኛው ቋንቋ መጻፍ ይቀላል?

በወረቀት የሚደረገው ስለ አንድ ምክንያት ነው። መጠይቁን በበይነመረብ ከላኩት የሚመልሱልዎ ኔትወርክ ያላቸው ብቻ ናቸው። ውጤቱን አይተው «ሁሉም ይችላል» ብለው ይደመድማሉ፤ የማይችለው ግን መጠይቁን አላየውም።

መልሱ ከሚገምቱት በላይ የተለያየ ነው። ከመርሐቤቴ የመጣ የክረምት ተማሪ፣ ከሸዋ ሮቢት የመጣችና ደብረ ብርሃን ግቢ ውስጥ የምትኖር ተማሪ አንድ ዓይነት ኔትወርክ የላቸውም። አንዱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በሌሊት የዳታ ጥቅል ያወርዳል፤ ሌላው ቅዳሜ ወደ ወረዳው ከተማ ሲወጣ ብቻ ያገኛል። ይህን ሳያውቁ የሳምንቱን ፕሮግራም አይንደፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ወረቀቱ የግል መረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰበሰቡትን ለሰበሰቡበት ዓላማ ብቻ ይጠቀሙበት። የተማሪዎችን ስልክ ቁጥር የያዘ ዝርዝር ፎቶ አንሥቶ በቡድኑ ላይ መለጠፍ በየሴሚስተሩ የማየው ጥፋት ነው።

ደረጃ 2፦ ከመጨረሻው ተነሥተው ወደ ኋላ ያቅዱ

በ16ኛው ሳምንት እያንዳንዱ ቡድን ሌላ ሰው ሊማርበት የሚችል የአንድ ሳምንት የበይነመረብ ትምህርት ሠርቶ ያስረክባል። የኮርሱ ፍሬ ይህ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ኮርሱን ስሰጥ ያቀድኩት ከምዕራፍ 1 ጀምሬ ወደ ፊት ነበር። ሴሚስተሩ አለቀ፤ ተማሪዎቼ የበይነመረብ ትምህርትን በአራት ዓይነት መተርጎም ቻሉ፣ አንድ ትምህርት መሥራት ግን አልቻሉም።

ሳምንታቱን እንዲህ ይክፈሏቸው፦ ከ1 እስከ 4 ተማሪው ራሱ የበይነመረብ ተማሪ ሆኖ ይኖራል፤ ከ5 እስከ 8 የደረሰበት ለምን እንደደረሰ በንድፈ ሐሳብ ያያል፤ ከ9 እስከ 13 የራሱን ትምህርት ይሠራል፤ ከ14 እስከ 16 በሰው ላይ ይፈትሻል፣ ያርማል፣ ያስረክባል።

ሰዓቱንም ይቁጠሩ። በሳምንት 2 ሰዓት በአካል ከተገናኙ በ16 ሳምንት 32 ሰዓት ነው። ከ135 ሲቀነስ 103 ይቀራል፤ ለሳምንት ሲካፈል 6 ሰዓት ተኩል ያህል። ንባቡ፣ ማዳመጡ፣ ውይይቱ፣ የቤት ሥራው፣ ፋይል ለማውረድ የሚጠበቀው ጊዜ ሳይቀር በዚህ ውስጥ ማለቅ አለበት። አዲስ መምህራን «በአካል ስለማንገናኝ ነው» እያሉ የቤት ሥራ ይቆልላሉ፤ ተማሪው በሦስተኛው ሳምንት ይወድቃል።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ ተማሪ ያድርጓቸው

ከሁሉም ደረጃዎች በዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት ስለ በይነመረብ ትምህርት አንድም ቃል አያስተምሩ። በምትኩ ሌላ አጭር ትምህርት ሙሉ በሙሉ በበይነመረብ ይስጧቸው፤ ትክክለኛና የተሳሳተ መልስ ያለው፣ ነገር ግን ብዙዎቹ በደንብ የማያውቁት ጉዳይ ይሁን።

እኔ የምጠቀመው ቀን መቀየርን ነው፦ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮስ፣ የጎርጎርዮስን ወደ ኢትዮጵያ። ሁሉም «አውቀዋለሁ» ብሎ ይጀምራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የዓመቱ ልዩነት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 መሆኑ ላይ ሲደርሱ ግን ይስታሉ። መስከረም 1 ብዙ ጊዜ በሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ማግስት ግን ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሸጋገራል፤ 2016 የገባው እንዲህ ነው። ትምህርቱ ለኮርሱም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የመማሪያ ሥርዓቱ ቀን የሚቆጥረው በጎርጎርዮስ ነው።

በእነዚህ ሳምንታት እያንዳንዱ ተማሪ በየዕለቱ ከአምስት መስመር ያልበለጠ ማስታወሻ ይይዛል። የሚጽፈው ይህን ነው፦ ዛሬ ስንት ሰዓት ላይ ከፈትኩ? ምን አልከፈት አለኝ? መቼ ሰለቸኝና ዘጋሁት? ማንን ጠየቅሁ? ለዳታ ስንት አወጣሁ?

ይህ ማስታወሻ ለቀሪው ኮርስ ዋና መማሪያችን ነው። ከማስታወሻዎቹ አንዱን አልረሳውም። ከመንዝ የመጣች የክረምት ተማሪ ነች፤ እንዲህ ጻፈች፦ «ድምፁን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። መምህር፣ ክፍል ውስጥ ቢሆን ሦስቴ ድገሙልኝ ብዬ ለመጠየቅ ይሉኝታ ይይዘኝ ነበር።» እኔ በንግግር ለማስረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ የሚፈጅብኝን እሷ በሁለት መስመር አስቀመጠችው።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ጊዜ የሚደርስባቸውን ችግር ሁሉ ሮጠው አይፍቱላቸው። መግባት ያቃተውን ይርዱ፤ መመሪያው ያልገባውን ግን ለአንድ ቀን ይተዉት፣ ማስታወሻው ላይ ይጻፈው። ግራ መጋባቱን ያልቀመሰ ተማሪ በኋላ ግልጽ መመሪያ መጻፍ ለምን እንዳስፈለገ አይገባውም።

ደረጃ 4፦ ንድፈ ሐሳቡን በማስታወሻቸው ላይ ያንጠልጥሉ

ሦስት ሐሳቦች ይበቃሉ። የርቀት ትምህርት ተመራማሪው ማይክል ሙር በ1989 በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ያስቀመጣቸው ሦስቱ ግንኙነቶች፦ ተማሪ ከትምህርቱ ይዘት ጋር፣ ተማሪ ከመምህሩ ጋር፣ ተማሪ ከተማሪ ጋር። የዚሁ ሰው ሌላ ሐሳብ ደግሞ ርቀት የኪሎ ሜትር ጉዳይ አለመሆኑን ያሳያል፤ ንግግር ሲያንስና ትምህርቱ ግትር ሲሆን፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሆነውም ይራራቃሉ። ሦስተኛው ተመራማሪዎቹ ጋሪሰን፣ አንደርሰንና አርቸር በ2000 በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ያቀረቡት ነው፦ በበይነመረብ ትምህርት ውስጥ የመምህር መገኘት (ትምህርቱን አቅዶ መምራቱ)፣ የማኅበር መገኘት (ተማሪዎቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው) እና የማሰብ መገኘት (በውይይት ሐሳብ ማብሰላቸው) አብረው ያስፈልጋሉ።

አሠራሩ ይህ ነው። ስም ሳይጠሩ ከማስታወሻዎቹ ሃያ መስመር ያህል መርጠው በወረቀት ያትሙ። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው እያንዳንዱን መስመር ከሦስቱ ሐሳቦች በአንዱ ሥር ያስቀምጣሉ፤ ለምን እዚያ እንዳስቀመጡትም ይከራከራሉ። «ጥያቄዬን ጻፍኩ፣ ለአራት ቀን መልስ የለም» የሚለው የት ይገባል? ብዙ ቡድኖች ወዲያው የመምህር መገኘት ይላሉ። ከዚያ አንድ ሰው ይነሣና «ጓደኞቹስ ለምን አልመለሱለትም?» ይላል። ትምህርቱ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

እዚሁ ላይ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በቴሌግራም የተላከው ሞጁል ከታቀደ የበይነመረብ ትምህርት በምን እንደሚለይ ያስለዩ። ያ የድንገተኛ ጊዜ መፍትሔ ነበር። ብዙ ተማሪ የበይነመረብ ትምህርትን የሚያውቀው በእሱ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ካልተነገረው የሚሠራውም ያንኑ ነው፦ 80 ገጽ ፒዲኤፍ ልኮ «አንብቡ» ማለት።

ደረጃ 5፦ የሳምንቱን ጥቅል በደካማው ስልክ ልክ ያዘጋጁ

እዚህ ላይ ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት፤ ተማሪዎቹም እንዲሠሩት ያድርጉ። በሴኮንድ 32 ኪሎቢት የተቀዳ የ10 ደቂቃ ንግግር 2.4 ሜጋባይት ነው (8 ቢት አንድ ባይት ነው)። ለሰው ድምፅ በቂ ነው። ያው 10 ደቂቃ በቪዲዮ፣ በሴኮንድ 500 ኪሎቢት ቢሆን 37.5 ሜጋባይት ይሆናል፤ በሴኮንድ 1,500 ኪሎቢት ደግሞ 112.5።

ስለዚህ ዋናው የሳምንት ጥቅል ከ6 ሜጋባይት አይለፍ። በውስጡ ሁለት የ8 ደቂቃ ድምፆች፣ አንድ አጭር ጽሑፍ፣ ከ200 ኪሎባይት ያልበለጡ ሁለት ሦስት ሥዕሎችና የሳምንቱ መመሪያ ይገባሉ። የ16 ሳምንቱ ተደምሮ 96 ሜጋባይት ነው፤ በ1,500 ኪሎቢት ከተቀዳው ከዚያ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ያንሳል። ቪዲዮ ካስፈለገ ከ3 ደቂቃ አይብለጥ፤ ለብቻው ይቀመጥ፣ ያላየው ተማሪም ፈተና ላይ አይጎዳ።

የአዘገጃጀቱ ቅደም ተከተል፦

ሀ. ድምፁን ጸጥ ባለ ክፍል ይቅዱ፤ ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ የተንጠለጠለበት ክፍል ማስተጋባቱን ይቀንሳል። ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ነጠላ ድምፅ (ሞኖ) ቀይረው በ32 ኪሎቢት ያስቀምጡ።

ለ. ጽሑፉን በዩኒኮድ ይጻፉ። በድሮዎቹ የግእዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ጥሩ ይመስላል፤ ተማሪው ስልክ ላይ ሲከፈት ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። የቆየ ሞጁል ካለዎት ገልብጠው ከመላክዎ በፊት በአሮጌው ስልክ ይክፈቱት።

ሐ. የመጽሐፍ ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥተው አይላኩ። ፋይሉ ይከብዳል፣ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ማየት ለተሳነው ተማሪ ደግሞ ጽሑፍ የሚያነብለት ሶፍትዌር ፎቶውን እንደ ባዶ ገጽ ያልፈዋል። የሰው ሥራ መሆኑም አለ፤ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የወጡ፣ ማለትም ባለቤታቸው ሌሎች እንዲጠቀሙባቸው የፈቀዳቸውን መማሪያዎች ይምረጡ።

መ. ፋይሎቹን በሳምንትና በተራ ቁጥር ይሰይሙ፦ 05-1፣ 05-2፣ 05-3። «የመጨረሻ የተስተካከለ አዲስ» የሚል ስም ያለው ፋይል ተማሪውን ያሳስታል።

ሠ. ጥቅሉን በሦስት መንገድ ያድርሱ፦ በሙድል፣ በቴሌግራም ቻናሉ፣ በፍላሽ። ለፍላሹ ከየአካባቢው አንድ ተጠሪ ይመረጥ። ወደ ዓለም ከተማ፣ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ አረርቲ የሚሄድ ተማሪ የሁለትና የሦስት ሳምንት ጥቅል ይዞ ይሄዳል፤ እዚያ ያሉት ከእሱ ይገለብጣሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት የዞረ ፍላሽ ብዙ ጊዜ ማኅደሮችን ወደ አቋራጭ የሚቀይር ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ለኮርሱ የተመደበ ፍላሽ ለሌላ ሥራ አይዋል፤ ሲመለስም ሳይፈተሽ አይከፈት።

ሙድልን በተመለከተ ሁለት ነገር የአይሲቲ ማዕከሉን ይጠይቁ፦ የስልክ መተግበሪያው እንዲፈቀድ፣ አጫጭር ፈተናዎችም ያለ ኔትወርክ ተሠርተው በኋላ እንዲላኩ የሚያደርገው ምርጫ እንዲከፈት። ካልጠየቁ ማንም አያነሣልዎትም።

ደረጃ 6፦ ሰዓትና ቀኑን ግልጽ ያድርጉ

ሙድል የመጨረሻ ሰዓት ሲያስቀምጡ 23:59 ይላል። ተማሪው ደግሞ ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። 23:59 ማለት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ነው። አንድ ጊዜ «እስከ ማክሰኞ 6 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ግማሹ ክፍል እኩለ ቀን አለ፣ ግማሹ እኩለ ሌሊት፤ በእኩለ ሌሊቱም ውስጥ ሰኞ ለማክሰኞ ነው ወይስ ማክሰኞ ለረቡዕ የሚል ሌላ ክርክር ተነሣ። አሥራ አንድ ተማሪ ሥራውን ሠርቶ ሳለ አሳለፈው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ለሁሉም መልሼ ከፈትኩላቸው።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። የኮርሱን የሰዓት ክልል አፍሪካ/አዲስ አበባ በሚለው አስተካክላለሁ። የመጨረሻ ሰዓቱ ምንጊዜም በሥራ ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በሥርዓቱ አቆጣጠር 16:00 ነው፤ ችግር ቢፈጠር የሚረዳ ሰው ቢሮ ውስጥ ይኖራል። ቀኑን ሁልጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር ከነዕለቱ እጽፋለሁ። ሙድል ላይ ማስረከቢያ ቀንና መዝጊያ ቀን የሚባሉ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ በመካከላቸው 48 ሰዓት ይተዉ። መብራት የጠፋበት ተማሪ ልመና ሳይጽፍ በዚያ ውስጥ ያስረክባል።

ፕሮግራሙን ከማጽደቅዎ በፊት የበዓላቱን ቀን ይመልከቱ፤ ገናንና ጥምቀትን ብቻ ሳይሆን ረመዳንንና ሁለቱን ዒዶችም። ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ በኩል የሚመጡ ብዙ ሙስሊም ተማሪዎች አሉን፤ ከባዱን ሥራ በጾሙ መጨረሻ ሳምንት ላይ ማስቀመጥ አይገባም።

ደረጃ 7፦ ውይይቱን በጥያቄው ያስነሡት

«ስለ በይነመረብ ትምህርት ጥቅምና ጉዳት አስተያየታችሁን ስጡ» ካሉ አርባ ተመሳሳይ መልስ ያገኛሉ። ጥያቄው ተማሪው ብቻ የሚያውቀውን ነገር መጠየቅ አለበት። ለምሳሌ፦ «በምታስተምሩበት ወይም በተማራችሁበት ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ለአንድ ሳምንት በርቀት ይሰጥ ቢባል መጀመሪያ የሚቀሩት የትኞቹ ተማሪዎች ናቸው? ለምን? እነሱን ለማስገባት ምን አንድ ነገር ትለውጣላችሁ?» ይህ ከሌላ ሰው አይገለበጥም።

ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ባለው ቡድን ይክፈሏቸው። ሙድል ላይ «ጥያቄና መልስ» የሚለውን የውይይት ዓይነት ይምረጡ፤ ተማሪው የራሱን ሳይጽፍ የሌላውን አያይም። በቴሌግራም ከሆነ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ለእርስዎ በግል ይላኩ፣ ከዚያ እርስዎ አንድ ላይ ይልቀቋቸው።

ሌላው የቋንቋ ጉዳይ ነው። የኮርሱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም በውይይቱ ላይ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ መጻፍን እፈቅዳለሁ፤ የሚረከቡት ሥራ ብቻ በኮርሱ ቋንቋ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፎ የሚያቆም ተማሪ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንድ ገጽ ያስባል። ትምህርት ክፍልዎ ይህን የሚከለክል ከሆነ በድምፅ መልእክት ይፍቀዱ።

እርስዎም በሳምንት ሁለት ቋሚ ጊዜ ገብተው ይመልሱ፤ ቀኑን አስቀድመው ያሳውቁ። ለሁሉም መመለስ አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ሙገሳ ብቻ ጽፎ መውጣት ግን ውይይቱን ይዘጋዋል።

የቀጥታ ስብሰባ ከፈለጉ ከ30 ደቂቃ አይብለጥ። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይቆረጣል። በቀጥታው ላይ አዲስ ትምህርት አይስጡ፤ ለጥያቄ ብቻ ይሁን፣ ድምፁም ተቀድቶ ይላክ።

ደረጃ 8፦ ምዘናው

የእኔ ክፍፍል ይህ ነው፦ የማስታወሻ መዝገብ 15፣ ውይይት 15፣ የቡድኑ ትምህርት 35፣ የሌላ ቡድን ሥራ መገምገም 10፣ የማጠቃለያ ፈተና 25። የዩኒቨርሲቲዎ ደንብ ለማጠቃለያ ፈተና 50 ከጠየቀ፣ የቡድኑን ትምህርት ማቅረብና መከላከል የፈተናው አካል እንዲሆን ከትምህርት ክፍሉ ጋር ይነጋገሩ።

ፈተናውን በየቤታቸው ሆነው በአንድ ሰዓት በበይነመረብ እንዲወስዱ አያድርጉ። መብራት የጠፋበት ይወድቃል፤ ያልጠፋበት ይኮርጃል። በኮምፒውተር ክፍሉ በፈረቃ ይሁን፣ ጥያቄው ከጥያቄ ባንክ ይውጣ፤ በአንድ ገጽ ከ5 ጥያቄ አይብለጥ፣ ምክንያቱም ተማሪው ገጽ በቀየረ ቁጥር መልሱ ይቀመጣል። የወረቀት ቅጂ አትመው በመሳቢያ ይያዙ። ሁለት ጊዜ አድኖኛል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ሥራን በሶፍትዌር ለመለየት አይድከሙ፤ መሣሪያዎቹ ንጹሑን ተማሪ ይከስሳሉ። ይልቁንም ሦስት ረቂቅ በተለያየ ሳምንት ይቀበሉ፤ በመጨረሻ እያንዳንዱን ተማሪ 5 ደቂቃ ፊት ለፊት «ይህን ለምን እንዲህ አደረግሽው?» ብለው ይጠይቁ። ሥራው የራሷ ከሆነ መልሱ ወዲያው ይመጣል።

ደረጃ 9፦ ትምህርታቸውን በእውነተኛ ሰው ላይ ይፈትሹ

በ14ኛው ሳምንት እያንዳንዱ ቡድን የሠራውን ትምህርት ከክፍሉ ውጭ ላሉ ሦስት ሰዎች ይሰጣል፤ ለጎረቤት ተማሪ፣ ለሥራ ባልደረባ፣ ለእኅት ወይም ለወንድም። ቢያንስ አንዱ በርካሽ ስልክ ይከፍታል። የቡድኑ አባላት አጠገብ ተቀምጠው ይመለከታሉ፤ አይናገሩም። የትኛው ላይ ጣቱ እንደቆመ፣ የትኛውን መመሪያ ሁለት ጊዜ እንዳነበበ፣ የት ላይ እንደተወው ይጽፋሉ።

ዝም ማለቱ ከባድ ነው። ተማሪዎቼ በሁለተኛው ደቂቃ «እዚያ ላይ ተጫን» ማለት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ፍተሻው አለቀ፤ ጣርማ በር ላለው ተማሪ «እዚያ ላይ ተጫን» የሚለው የለም። አስቀድመው ያስጠንቅቋቸው።

ፈቃድ ይጠየቅ፤ ልጅ ከሆነ ከወላጅ። ፎቶ አይነሣ። ከፍተሻው በኋላ ቡድኑ ሦስት ነገር ብቻ ያርማል፤ ሁሉንም ላርም ያለ ቡድን በ16ኛው ሳምንት ምንም አያስረክብም።

የተለመዱ ስሕተቶች

«ትምህርቱን ቪዲዮ ካላደረግነው ዘመናዊ አይደለም» ማለት። እኔም በመጀመሪያው ዓመት የ50 ደቂቃ ገለጻዬን ቀድቼ ለጥፌ ነበር። ተማሪዎቼ ከፍተው አየነው ያሉኝ በይሉኝታ ነበር፤ ጥያቄ ስጠይቅ ግን ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያለፈ የሚያስታውስ አልነበረም።

በየሳምንቱ አዲስ መተግበሪያ ማስተዋወቅ። ተማሪው የይለፍ ቃል ሲፈልግ ሴሚስተሩ ያልቃል። ሁለት መሣሪያ ይበቃል።

የይለፍ ቃል ጠፋ የሚለውን ንቆ መተው። በ1ኛው ሳምንት የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ለመግቢያ ብቻ ይስጡት፤ ሁሉም ወጥቶ መልሶ ይግባ። ያን ቀን ያልገባ ተማሪ በ6ኛው ሳምንትም አይገባም።

ጸጥ ያለ ተማሪን ሰነፍ ነው ብሎ መደምደም። አንድ ሳምንት ያልታየ ተማሪ ካለ ይደውሉለት፤ አጭር መልእክትም ይበቃል። ብዙ ጊዜ ስልኩ ተበላሽቷል፣ ወይም ለቤተሰቡ አጨዳ ወርዷል። በሁለተኛው ሳምንት የተደወለለት ይመለሳል፤ በስድስተኛው የተደወለለት ያፍራል።

ለሴት ተማሪዎች የሚላከውን የማታ ሥራ አለማሰብ። ቤተሰብ ጋር የምትኖር ተማሪ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት የቤት ውስጥ ሥራ ላይ ናት፤ የቡድን ስብሰባ በዚያ ሰዓት ከተያዘ በየጊዜው የምትቀረው እሷ ናት። ሰዓቱን ቡድኑ በድምፅ ብልጫ ሳይሆን ሁሉም በሚችልበት ይያዝ።

የኮርሱን መጠባበቂያ ቅጂ አለማስቀመጥ። ውጤት ለሬጅስትራር ባስገቡበት ዕለት የሙድሉን ሙሉ መጠባበቂያ ቅጂ አውርደው በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ አንዱ ከቢሮዎ ውጭ ይሁን። የተማሪዎቹን የግል መረጃ የያዘውን የደረጃ 1 ወረቀት ደግሞ ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ ሲያልፍ ቀዳደው ያስወግዱት።